ባልዲው ውስጥ ያሉት ክሮች

የአያ ቢሻው ሰፋፊ ዓይን ያለው ወንፊት ከብረት ማቅለጫችን መሰወሩን ለመላው የቻናሉ ቤተሰብ በጥልቅ ሐዘን አሳውቃለሁ።

እናንተ ሳቁ። እኔም ስቄ ነበር።

የሚቀጥለው ግን በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ባለፈው ማክሰኞ... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... ከጎንደር ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር።

የቀለጠ ብረት የምንቀበልበት ባልዲ ትልቅ ነው፤ በጎኑ ሲጋደም ሰው አጎንብሶ ይገባበታል። ውስጡ እሳት በሚችል ሲሚንቶ ይለበጣል። ሲሚንቶው ግሎ እንዳይሰነጠቅ አያ ቢሻው አጫጭር የብረት ክሮች ይነሰንሱበታል፤ በወንፊት፣ ክሮቹ ሳይቋጠሩ በየአቅጣጫው እንዲበተኑ። ወንፊቱ ሲጠፋ በእጃቸው ነሰነሱት።

መርማሪው እኔ ነኝ። እኔ ካልፈረምኩ ብረት አይቀዳም። ከፈረምኩ፣ በማግስቱ ባልዲውን የሚያዘነብለው እንኳየሁ ነው። ልባጡ ከተሰነጠቀ ብረቱ የሚፈስሰው እሱ ላይ ነው።

ባትሪ ይዤ ገባሁ።

ስንጥቅ የለም። እርጥበት የለም።

ግን ከግድግዳው ብቅ ያሉት የክር ጫፎች... ሁሉም ወደ ግራ አዘንብለዋል።

ከውጭ፣ በግራ በኩል፣ እንኳየሁ ያፏጫል።

ፉጨቱ ወደ ኋላዬ ዞረ።

ጫፎቹም ዞሩ። ቀስ ብለው... ነፋስ እንደነካው የስንዴ ማሳ።

«እንኳየሁ» አልኩ በሹክሹክታ። «ቁም።»

«ምነው ኢንጂነር፣ ጭራቅ አገኘህ?»

«ቁም ብቻ።»

ቆመ። ክሮቹም ቆሙ።

«ሁለት እርምጃ ሂድ...»

ሄደ። ተከተሉት።

ማግኔት ይዞ እንደሆነ ጠየቅኩት። ኪሱ ውስጥ ቆሎ ብቻ እንዳለ ነገረኝ፤ ካማረኝም እንደሚዘግንልኝ።

ወጣሁ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ይበልጣል ቅጹን ዘርግተው ይጠብቁኛል። ስንጥቅ፣ እርጥበት፣ ሌላ ይላል። «ሌላ» ላይ ክሮቹ ሰው ይከተላሉ ብዬ ብጽፍ ሐኪም ዘንድ ነው የሚሸኙኝ። አላማረኝም፣ አልፈርምም አልኩ። «አላማረኝም» የሚል ሳጥን ቅጹ ላይ እንደሌለ አስታወሱኝ።

አያ ቢሻው ሰምተው መጡ። ጠብ ጠበቅኩ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሥራቸውን የነቀፈ የለም።

አንዴ ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩ... ቀና ብለው ወደ ልጁ ዞሩ።

«እንኳየሁ፣ ቤትህ ግባ። ነገም እንዳትመጣ።»

ልጁ በግቢው በር ወጣ። እሳቸው ትልቁን መዶሻ አነሱና የአራት ቀን ልፋታቸውን አፈረሱት።

ስብርባሪው መሬት ላይ ተበተነ። ከየቁራጩ ያፈነገጠው ክር ሁሉ... ወደ በሩ ይጠቁማል።

አቶ ይበልጣል ምን ነክቷቸው እንደሆነ ጠየቋቸው።

አያ ቢሻው መዶሻውን አስቀመጡ።

«ብረቱ ማንን እንደሚፈልግ አልናገርም» አሉ።