ከጓንቱ ሥር የቀረው ቀለበት

ሃሩን ጓንቱን እንዳጠለቀ ሞቶ ተገኘ። ለቡ መብራት ኃይል በሚባለው ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ ያረጁ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪዎች የሚፈቱበት ጋራዥ አለ። ሃሩን እዚያ፣ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ የተነሣ ትልቅ ባትሪ ተቀምጧል። ጥቁሮቹ የጎማ ጓንቶች እስከ ክርኑ ተስበዋል፤ ከራሱ ሥር ጥቂት ደም ሲሚንቶው ላይ ደርቋል።

የጋራዡ ባለቤት አቶ ፊሊጶስ ዋና ኢንስፔክተር ገዲሴን በር ላይ ተቀብሎ ሳትጠይቀው ጀመረ።

«ኤሌክትሪክ ያዘው፤ ወርውሮ ከጠረጴዛው ብረት ጋር አጋጨው። ብቻህን አትሥራ እያልኩ አፌ እስኪደርቅ ተናግሬአለሁ። ነፍሱን ይማረውና ቸልተኛ ነበር።»

ገዲሴ ሬሳ ማየት ለምዳለች። ሬሳው ገና ሳይነሣ ሟቹን ጥፋተኛ የሚያደርግ ሰው ግን እስከ ዛሬ ያበግናታል። ጎንበስ አለችና የሃሩንን ግራ ጓንት ቀስ ብላ ሳበች። ጣቱ ላይ ወፍራም የብር ቀለበት አለ። መዳፉ ንጹሕ ነው፤ ጓንቱም አልተቀደደም። የጫማው ተረከዝ ላይ አሸዋ አየች።

«ሌሎቹን ሠራተኞች ጥራልኝ» አለችው ኮንስታብል ማኑሄን።

ሠራተኞቹ ሁለት ናቸው። ኢፋ ከሃሩን ጋር ባትሪ የሚፈታ ቴክኒሻን ነው፤ ጋራዡ ያረፈበትን መሬት በፊት አባቱ ያርሱት ነበር። ነጋ የጋራዡ የጭነት አይሱዙ ሾፌር ነው። ሁለቱም ዐይናቸው በለቅሶ ቀልቷል። ኢፋ በሩ ላይ ሲደርስ ቆም አለና የጋብቻ ቀለበቱን አውልቆ መቃኑ ላይ በተመታ ሚስማር ላይ ሰቀለ። ነጋም ሰዓቱን ፈትቶ ከጎኑ አንጠለጠለ። ፊሊጶስ የወርቅ ቀለበቱን እንዳደረገ፣ ቁልፎቹ ቀበቶው ላይ እየተንቃጨሉ አልፏቸው ገባ።

«ምንድን ነው የምትሰቅሉት?» አለች ገዲሴ።

ኢፋ እጁን ገና አሁን ያየው ይመስል ደነገጠ። «ልማድ ሆኖብን ነው፣ ኢንስፔክተር። ባትሪ ባለበት ብረት ይዞ መግባት አይቻልም። አንዴ ብልጭ ካለ ጣት ይዞ ይሄዳል። ያስለመደን ሃሩን ነው። መጥረጊያ ልናነሣ ስንገባ እንኳ መጀመሪያ ወደ ሚስማሩ ነው።»

«ትናንት ከሃሩን ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«ተጣልተናል» አለ ኢፋ ሳይደብቅ። «ያበጠ፣ የተጨረመተ፣ ጎርፍ የገባበት ባትሪ ሲመጣ ሃሩን ቀይ ይቀባዋል። ጫፎቹን በቴፕ ጠቅልሎ ጓሮ ባለው አሸዋ ውስጥ ለብቻው ያኖረዋል። በአሸዋ ሣጥን ታሽጎ ወደሚፈጭበት ፋብሪካ መሄድ ነው ያለበት፤ አለዚያ ዝም ብሎ በተቀመጠበት በእሳት ይነድዳል። ትናንት ሲያይ ቀዮቹ የሉም። ‹አንተ ነህ ያወጣሃቸው› አለኝ። ከፋኝ፤ ተሰዳደብን። ሳንታረቅ ነው የሄደው።» እንባው መጣና ፊቱን አዞረ።

«የግቢው ቁልፍ ኢፋ ዘንድ ነው» አለ ፊሊጶስ ጣልቃ ገብቶ። «ስለ ቀዮቹም እሱን ይጠይቁት።»

ገዲሴ ወደ ነጋ ዞረች። «ሰሞኑን ምን ጫንክ?»

«የተሰጠኝን። ጥቁር ባትሪ ነው፤ ቀይ አላየሁም» አለ ነጋ። ይህን ሲል መዳፉን ሱሪው ላይ ደጋግሞ ጠረገ፤ ደረቅ መዳፍ ነበር።

ጓሮ ሄዳ አየች። አሸዋው ባዶ ነው። ዙሪያውን የተገነባው አጭር ግንብ ጠርዙ ላይ ታጥቧል፤ የቀረው ግንብ ግን በአቧራ እንደተሸፈነ ነው።

የሐኪሙ ቃል እንደደረሰና ሃሩን እንደተቀበረ ገዲሴ ከማኑሄ ጋር ጎፋ ወዳለው ለቅሶ ቤት ሄደች። ቀኑ መሽቶ ሊጨልም ነው። የሃሩን ሚስት ቀመሪያ ልጆቿን ከጎኗ አስቀምጣ ግድግዳ ተደግፋለች።

«አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» አለቻት።

«አሚን። ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ» አለች ቀመሪያ። «ለቀስተኛው ሁሉ ‹ጥንቃቄ ጎድሎት ነው› ይለኛል። ልጆቼ አባታችሁ በገዛ ጥፋቱ ሞተ እየተባሉ ሊያድጉ ነው?»

ገዲሴ ቀለበቱን አውጥታ መዳፏ ላይ አኖረችላት።

«ሚስማሩ ላይ ነው ያገኙት?»

«ከጣቱ ላይ ነው፤ በጓንቱ ውስጥ።»

ቀመሪያ ቀና አለች። «አይሆንም! እዚያ ሚስማር ላይ ረስቶት እየመጣ ስንት ቀን አኩርፌዋለሁ!»

በዚህ መሐል መብራት ጠፋ። የሃሩን ታላቅ ወንድም ጋሽ ሙሄ ወደ ጥግ እጃቸውን ዘርግተው አንድ ነገር ነኩ፤ አምፖሉ በራ። ልጆቹ ከሚተኙበት ፍራሽ አጠገብ ጥቁር ባትሪ ተቀምጧል።

«ፊሊጶስ ነው ያመጣው» አሉ ሙሄ። «ለቀስተኛው ጨለማ እንዳይውጠው ብሎ። አላህ ይስጠው።»

ገዲሴ ተንበርክካ የባትሪውን ጎን በቁልፍ ጫር አደረገች። ከጥቁሩ ሥር ቀይ ወጣ። ቀና ብላ ወደ ሙሄ ዞረች።

«ጋሽ ሙሄ፣ በለቅሶ ቤት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ያሉትን ፊሊጶስንና ሁለቱን ሠራተኞቹን ያስጠሩልኝ።»

ፊሊጶስ፣ ኢፋና ነጋ ገብተው ቆሙ። ማኑሄ በሩን ያዘ።

«ሃሩንን ኤሌክትሪክ አልገደለውም» አለች ገዲሴ። «ሐኪሙ አንድም ምልክት አላገኘም። ጣቱ ላይ ግን ቀለበት ነበር። ሃሩን ቀለበቱን ሳይሰቅል ያንን በር አያልፍም፤ ስለዚህ በእግሩ አልገባም። ራሱን የተመታው ጓሮ ነው፤ ተረከዙ ላይ ያለው አሸዋ የዚያ ነው፤ ግንቡም ታጥቧል። ጎትቶ ያስገባው ሰው በሥራ ላይ የሞተ እንዲመስል ጓንት አጠለቀለት።»

ገዲሴ ወደ ሁለቱ ሠራተኞች ዞረች።

«ኢፋ ቢሆን ቀለበቱን ሚስማር ላይ ይሰቅል ነበር። ነጋም እንደዚሁ፤ እጃቸው ሳያስቡት የሚሠራው ነው። ይህን የሳተው ጓንት እንደሚያጠልቁ ያየ፣ አንድ ቀን ግን አብሯቸው ባትሪ ያልነካ ሰው ነው። በዚያ በር ወርቁን ይዞ የገባ አንድ ሰው ብቻ አየሁ።»

የሁሉም ዐይን ፊሊጶስ ጣት ላይ ዐረፈ። እጁን ኪሱ ከተተ።

«ምክንያቱ ደግሞ እዚህ ቤት ነው፤ የዚህ ባትሪ ጥቁር ቀለም ሥሩ ቀይ ነው። ነጋ፣ ጥቁሮቹን ስትጭን እጅህን ምን ነካህ?»

ነጋ ወደ ቀመሪያ እያየ አለቀሰ። «ቀለም። ጋሽ ፊሊጶስ ራሳቸው ናቸው የቀቡት፤ ሳይደርቅ አስጫኑኝ። ሀይሌ ጋርመንት ላሉ ሱቆች አደረስኩ። እንጀራዬን ፈርቼ ዋሸሁ፤ ይቅር በይኝ።»

«ገፋሁት እንጂ አልገደልኩትም!» አለ ፊሊጶስ። «ከፊቴ ቆሞ ‹ላሳስርህ ነው› ሲለኝ ንዴት ያዘኝ። ግንቡ መታው። ሁሉም ባትሪ መብራት ይሰጣል፤ ልዩነቱ የሱ ቀለም ብቻ ነው!»

«ሲገፉት ንዴት ነው እንበል። ጓንቱን እስከ ክርኑ ስበው ሲያጠልቁለት ግን ተረጋግተው ነበር» አለች ገዲሴ። «ሐኪሙ ወዲያው አልሞተም ብሏል፤ ጋራዡ ውስጥ ከገባም በኋላ ደሙ ፈስሷል። ሆስፒታል ማድረስ ይችሉ ነበር።»

ቀመሪያ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ፊሊጶስን አልረገመችውም፤ ልጆቿን ብቻ ከባትሪው ወደ ራሷ ሳበች።

ማኑሄ ካቴናውን ሲያወጣ ኢፋ ወደ ጥጉ ሄደ። ጎንበስ ሊል ሲል ቆመ። ሚስማር ፈለገ፤ የለም። ቀለበቱን አወለቀና ለቀመሪያ ሰጣት። እሷም ከሃሩን ቀለበት ጋር ጨብጣ ያዘችው። ኢፋና ነጋ ባትሪውን እንደ ሕፃን ደግፈው ደጅ ወዳለው ሜዳ አወጡት፤ ቤቱ ጨለመ።

ቀመሪያ ተከትላቸው ደጅ ወጣች። «ሌሎቹ ቀይ ባትሪዎችስ የት ናቸው?» አለች ፊሊጶስን።

«ሱቆቹ ሸጠዋቸዋል። ለማን እንደሸጡ እኔ ምን አውቃለሁ?»

የሰፈሩ መብራት አሁንም አልመጣም። ማዶ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች መስኮት አንዱ በባትሪ በራ፤ ቆየት ብሎ ሌላው፣ ከላይ ደግሞ ሌላ። ገዲሴ ሬዲዮዋን ይዛ ከየትኛው በር እንደምትጀምር ስታስብ፣ ቀመሪያ ሁለቱን ቀለበቶች እንደጨበጠች የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ተያይዛው ነበር፤ የመጀመሪያውን በር ስታንኳኳ ተሰማ።