አንሶላው ላይ የወረደው ስንዴ

እኔ ከዚህ በፊት ደብዳቤ እንኳ ጽፌ አላውቅም፣ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፣ ሰው ፊት ላውራ ካልኩ ላብ ያጠምቀኛል፣ ይህን ግን ካልጻፍኩት ደረቴ የሚፈነዳ መሰለኝ። መንፈስ ታየ፣ ድምፅ ተሰማ ሲባል የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ እመኑኝ።

ላሊበላ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሆቴል አንሶላ አጣቢ ነኝ። መስከረም ሊያልቅ ሲል ልጅ ይትባረክ የሚባሉ ሽማግሌ መጡ፣ የደጃዝማች ልጅ ናቸው፣ የከዘራቸው እጀታ ብር ነው፣ በጉብዝናቸው አውሮፕላን አብራሪ ነበሩ። ቁርስ ሳቀርብላቸው «አንድ ሳምንት ቦምብ፣ አንድ ሳምንት እህል እጥል ነበር ልጄ፣ እጄ ግን ያው አንድ እጅ ነው» ይሉኛል፣ እኔ አፍሬ ትሪውን ይዤ እሮጣለሁ።

የመጡበትን ጉዳይ ለወጥ ቤት ሠራተኛችን ለእትዬ የሺ ሲነግሯት ሰማሁ። በዚያ በክፉው ቀን፣ በረሃቡ ዘመን፣ ከገነተ ማርያም ወዲያ ሜዳ ላይ ሰዎች «እህሉን እዚህ ጣሉልን» ለማለት ነጠላቸውን በመስቀል ዘርግተው አይተዋል፣ ሊጥሉ ሲሉ ጉም ሸፈነውና ተመለሱ፣ በማግስቱ ወደ ውጊያ ተላኩ፣ ወደዚያ ሜዳ ሳይመለሱ ቀሩ። ያ ሕዝብ ምን እንደሆነ ሳያውቁ መሞት አልፈለጉም።

እትዬ የሺ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ሁለቴ ዞረው፣ ክንፉን ዘንበል አድርገው የሄዱት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከነጠላዎቹ አንዱ የእናቴ ነው። ሦስት ቀን ከሜዳው አላነሳነውም ጌታዬ፣ በአራተኛው እሷን ገነዝንበት።»

እሳቸው ከዘራቸውን ይዘው ክፍላቸው ገቡ።

ያን ዕለት ከሰዓት የልብስ መስጫው ገመድ ተበጠሰብኝና አንሶላዎቹን ከሆቴሉ ጀርባ ሣሩ ላይ አሰጣኋቸው፣ ስድስቱንም በተርታ፣ ጥግ ጥጋቸው ላይ ድንጋይ ጭኜ። እትዬ የሺ በመስኮት «አንቺ ዓይነ አፋር፣ ለዝንጀሮ ነው አልጋ ያነጠፍሽው?» ብላ ሳቀችብኝ፣ ሐዘኗን መሸሸጓ ነበር መሰለኝ።

መጀመሪያ ንብ የመሰለ ድምፅ ነው የሰማሁት። ቀና አልኩ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ወፍ እንኳ የለም። ድምፁ ጨመረ፣ የወጥ ቤቱ ብርጭቆ ተንጫጫ፣ የዘበኛው ውሻ ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ ተኛ። ዘወር ስል፣ በእመቤቴ እላችኋለሁ፣ አንሶላዎቹ መስቀል ሆነዋል፣ ድንጋዮቹ ግን እኔ እንዳስቀመጥኳቸው ጥግ ጥጋቸው ላይ ናቸው!

ልጅ ይትባረክ ሰገነት ላይ ወጥተዋል፣ ያለ ከዘራ። «ዝቅ! ዝቅ! ሜዳው ክፍት ነው፣ አሁን!» እያሉ እንደ ጎረምሳ ይጮኻሉ፣ እኔም ያቺ አፋሯ ምን እንደነካኝ እንጃ «አሁን! አሁን!» እያልኩ እዘላለሁ። ከዚያ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ! መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፣ የወደቀ ነገር ግን አይታይም፣ ድምፁም ከተራራው ወዲያ ራቀ።

ሮጬ አንዱን አንሶላ ሳነሳ ስንዴ ከእጥፋቱ ተንሸራተተ፣ ትኩስ ስንዴ፣ ከሌላውም እንዲሁ። እትዬ የሺ አንዷን ፍሬ ነከሰች።

«የላስታ ስንዴ አይደለም። ይህን ጥርሴ ያውቀዋል፣ የእርዳታው ነው» አለች፣ ትሳቅ ታልቅስ መለየት አቃተኝ። ጭብጥ ሙሉ ይዛ ወደ እናቷ መቃብር ሄደች።

የሆቴሉ ባለቤት «አይጥ ያመጣው ነው» አሉ። እሺ፣ አይጥ አንሶላ በመስቀል ታነጥፋለች?

ልጅ ይትባረክ በማግስቱ ሄዱ፣ በሁለት ሳምንታቸው ማረፋቸውን ሰማን። እኔ ግን አዲስ ገመድ ተገዝቶልኝም አንሶላውን እዚያው ሣር ላይ አሰጣለሁ፣ ሰማዩ በጠራ ቀን ያን የንብ ድምፅ ስሰማ ቀና እላለሁ፣ የሄዱ ዕለት መኪና ውስጥ ሆነው መስታወቱን ዝቅ አድርገው ያሉኝ ከጆሮዬ አልወጣ አለ፦

«ነገም እዚያው አስጪው ልጄ፣ ጉም ካልያዘኝ እመጣለሁ።»