ቋንቋ አይወልድም

ሽማግሌው መምህር ከአራተኛ ፎቅ መስኮት ወድቀው ሲሞቱ የቢሯቸው ኮምፒውተር እንደበራ ነበር። መርማሪዋ ሬሳው ዘንድ ብዙ አልቆየችም፤ ወደ ቢሮው ወጥታ በስክሪኑ ላይ የቀረውን ስንብት አነበበች።

«ሥራዬ ከሸፈ። አንዱ የኮምፒውተር ቋንቋ ሌላውን እንዴት እንደሚወልድ መግለጽ አቃተኝ። ይቅር በሉኝ።»

የመምህሩ ልጅ ዓይኗ ደርቋል። «አባቴ ጥሎኝ ሄደ ማለት ነው?» አለች።

«መጀመሪያ ስለ ሥራው ንገሪኝ።»

«መዝገበ ቃላት ነው። ፕሮግራም የሚጻፍባቸው ቋንቋዎች በምን እንደሚዛመዱ የማያሻሙ ቃላት እናወጣ ነበር፤ እኔ፣ አባቴና አጎቴ። አጎቴ ከወር በፊት ተኳርፈው ወጡ።»

አጎትየው በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ አቀርቅረው ተቀምጠዋል። «ከዚያ ወዲህ ይህን ደጃፍ አልረገጥኩም» አሉ ሳይጠየቁ።

መርማሪዋ የመምህሩን ጸሐፊም ስለ ሥራው ጠየቀቻት፤ ጸሐፊዋ አፍንጫዋን እየጠረገች መለሰች። «እኔማ ያዘዙኝን ነው የምተይበው። ያለፈውን ሁለት ሳምንት ሙሉ ‹ይወልዳል›ን ከየገጹ ሳጠፋ ከረምኩ፤ ‹ቋንቋ ማኅፀን የለውም፤ ይወርሳል በዪ› ብለውኝ። ስሳሳት ‹አዋላጅ ሆንሽ እንዴ?› እያሉ ይስቁብኝ ነበር።»

መርማሪዋ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የመጨረሻ ገጽ አነሳች። «ግልባጭ፦ ቃላቱ ተለውጠው ትርጉሙ ያልተለወጠ ቋንቋ።» ከሥሩ በምሳሌነት የተጻፈው አጎትየው የሠሩት ቋንቋ ነበር። ሦስቱንም ወደ ቢሮው ጠራች።

«ይህን ስንብት መምህሩ አልጻፉትም» አለች። «‹ይወልዳል›ን ከመዝገቡ ያስወጡት እሳቸው ናቸው፤ በስንብታቸው አይመልሱትም። ጸሐፊዋ ቃሉን በገዛ እጇ ስታጠፋ ከርማለች። ልጅቷስ?»

«ይለወጥ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ለውጡን ያልሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከወር በፊት የወጣው።» ወደ አጎትየው ዞረች። «ገጹን አይተውታል፤ አይደል?»

አጎትየው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ሃያ ዓመት የለፋሁበትን! ግልባጭ አለው፤ የገዛ ወንድሜ! አጥፋው ብዬ ለመንኩት። ‹ትርጉሙ ነው እንዲህ ያለው እንጂ እኔ አይደለሁም› አለኝ። ገፋሁት... መስኮቱ ክፍት መሆኑን አላየሁም።»

«ወረቀት ሳይሆን ሰው ነው የጣሉት» አለች መርማሪዋ። «ከዚያም ቁጭ ብለው ጻፉ።»

ፖሊሶች ሊወስዷቸው ሲሉ አጎትየው ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ልጄ...»

«አይበሉኝ» አለች። «እኔን የወለደኝ አባቴ ነው። ጥሎኝም አልሄደም።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።