ከፐርሰንቱ ወዲያ

ሚጡ የታተመውን ወረቀት እንደያዘች ሰባተኛው ገጽ ላይ ደርቃ ቀረች። «የማጣሪያው ውጤት 88» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ቀጣዩ አንቀጽ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ይቀጥላል። ጥናቱ ለሳይንስ ጉባኤ ከተላከ ገና ሩብ ሰዓት አልሞላውም፤ መላኪያው የሚዘጋው አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አሁን አስር ከሃያ ሆኗል።

ታላቅ እህቷ የውሃ ላቦራቶሪ ተመራማሪ ናት። ለየቤቱ የሚሆን፣ ከውሃ ጀርም የሚያስቀር ማጣሪያ ሠርታ ሁለት ዓመት ስትፈትነው ኖራለች፤ የዛሬው ጥናት የዚያ ሁሉ ልፋት ፍሬ ነው። ገጾቹን ያቀናበረችው ግን የዘጠነኛ ክፍሏ ሚጡ ነች። በኮምፒውተር ክበብ የተማረችው ፕሮግራም ርዕሱንም ሠንጠረዡንም በምልክት ሲያዙት አሳምሮ ገጽ ያወጣል፤ ምልክት ለሳተ ሰው ግን ምሕረት የለውም። «ለኔ ተዪው፣ ፈታ በይ» ብላ ደረቷን ነፍታ ነበር የተረከበችው።

የፐርሰንት ምልክት ደግሞ ጠባዩ ክፉ ነው። ፕሮግራሙ በመስመሩ ላይ ከሱ ቀጥሎ ያለውን ሁሉ የጸሐፊው የግል ማስታወሻ አድርጎ ይቆጥርና ከገጹ ያስቀረዋል። እንዲታተም ከተፈለገ ከፊቱ ወደ ኋላ ያዘነበለች ሰረዝ ማስቀደም ግድ ነው። ሚጡ ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ በጥናቱ ውስጥ ያሉትን አርባ ሦስት የፐርሰንት ምልክቶች አንድ በአንድ አስተካክላለች። አርባ አራተኛው የመጣው እህቷ ረቂቁን አንብባ ከጨረሰች በኋላ፣ ምሳ ሰዓት ላይ በስልክ በላከችው የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ሚጡ ቸኩላ ለጠፈችው። ፕሮግራሙም ትንፍሽ አላለም።

ስልኳን አውጥታ መልእክቱን ፈለገችው። «የማጣሪያው ውጤት 88% ነው፤ ስለዚህ ለጨቅላ ሕፃናት የሚሰጥ ውሃ ከተጣራም በኋላ መፍላት አለበት።» ከ88 ወዲያ ያለው ሁሉ ገጹ ላይ የለም።

ከላቦራቶሪው ቢሮ መስታወት ማዶ እህቷ ከአለቃዋ ከዶክተሩ ጋር ቆማ ትስቃለች። ዶክተሩ ሥራውን ለባለሙያ እንስጥ ብለው ነበር፤ «እሷ ትችለዋለች» ብላ የተሟገተችው እህቷ ናት። የተላከውን በሌላ መተካት የሚቻለው ደግሞ በሳቸው ፈቃድ ብቻ ነው። ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ቢታወቅስ፣ መልእክቱን ሰረዙን ሳታደርግ የላከችው እህቷ አይደለችም እንዴ? ይህን ስታስብ ራሷን ታዘበችው። በሩን ከፍታ ገባች።

«እትዬ፣ ሰባተኛው ገጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀርቷል» አለች። «የሕፃናቱ።»

እህቷ ወረቀቱን ተቀብላ ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። ዶክተሩ አልጮሁም። ይህ የልጅ ሥራ እንዳልሆነ ገና ከመጀመሪያው ተናግረው እንደነበር አስታወሱና፣ ያን ገጽ ተማምና ያልፈላ ውሃ ለልጇ የምትሰጥ እናት ብትኖር ማን እንደሚጠየቅ ቀስ ብለው ጠየቁ። ቀስ ማለታቸው ከጩኸት ባሰባት።

እህቷ በሁለቱ መካከል ገባች። «ጥፋቱ የኔ ሳይሆን አይቀርም፤ እኔ ነኝ አበላሽቼ የላክሁላት» አለችና ወደ ሚጡ ዓይኗን ጣል አደረገች። እሺ በይ የሚል ዓይን ነበር።

ሚጡ እሺ ማለት ከልቧ ፈለገች። ከዚያ ክፍል ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ ለመውጣት የቀራት አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«አይ፣ አንቺ ደህና አድርገሽ ነው የላክሽው» አለች። «ምልክቱን ማስተካከል የኔ ሥራ ነበር። ሳላየው ለጠፍኩት።»

ወንበሩን ስባ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች።

«ዶክተር፣ ከፈቀዱልኝ አምስት ደቂቃ ይበቃኛል» አለች ፊቷን ሳትመልስ። «ከመላኩ በፊት ግን እርስዎ ራስዎ ያንብቡልኝ።»

ዶክተሩ ሰዓታቸውን አዩና ሌላ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።