የሰኞው ተግባር

«ፍሬና ተክል፦ ለነርሰሪ ልጆች የአንድ ሳምንት ዕቅድ» ይላል ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት። «አዘጋጅ» ከሚለው ፊት ለፊት አንድ ስም ብቻ ተጽፏል። «ሬዲዮ» የሚሏት ልጅ ስም።

ክብሪት ሦስት ጊዜ አነበበችው። የእሷ ስም ከሥር በትንሹ ተጽፎ ይሆናል ብላ ጎንበስ አለች። የለም። ወረቀቱን ገልጣ ጀርባውን አየች። ጀርባው የአምና የሒሳብ ፈተና ነው። ደሟ ፈላ።

«ክብሪት» ያሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ በትንሽ በትልቁ ቦግ ስለምትል። የሚያናድደው ግን ቦግ ስትል መናገር አለመቻሏ ነው። ጆሮዋ ይግላል፣ ምላሷ ይተሳሰራል፣ መልሱ የሚመጣላት ቤቷ ደርሳ ጫማዋን ስታወልቅ ነው። ሬዲዮ ደግሞ ስሟ እንደሚናገረው ነች። አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት የለም። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው፤ አንዷ ታስባለች፣ አንዷ ታወራለች። እስከ ዛሬ ድረስ ይህ ክብሪትን ከፍቷት አያውቅም።

የትምህርት ቤታቸው የነርሰሪ ክፍል መምህርት ወሊድ ላይ ስለሆነች፣ ከሰዓት በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት የበጎ ፈቃድ ክበቡ ልጆች ይይዙታል። በየሳምንቱ አንድ ርዕስ ይመረጣል፤ የሚዳሰሰው፣ የሚዘፈነው፣ የሚሳለው ሁሉ በዚያ ርዕስ ዙሪያ ይሆናል። የመጪው ሳምንት ርዕስ የደረሰው ለሁለቱ ነበር። ሰኞ ወላጆች መጥተው ያያሉ፣ ከዚያ በኋላ ዳይሬክተሯ ለክረምቱ ፕሮግራም አንዲት ረዳት ትመርጣለች። አንዲት ብቻ። ክብሪት ያንን ቦታ ከአምና ጀምራ ስትመኘው ኖራለች። ሌሎቹ ልጆች ሕፃናቱ ሲያለቅሱ ይጨንቃቸዋል፤ እሷ ግን ዓለም ላይ ሳትናደድ የምትውልበት ቦታ ቢኖር ያ ወንበሮቹ ከጉልበት የማይበልጡበት ክፍል ነው።

ለአራተኛ ጊዜ ማንበብ ጀመረች። «ማክሰኞ፦ ባቄላ በእርጥብ ጥጥ ላይ ማብቀል።» የእሷ ነው። «ረቡዕ፦ ቁጢጥ ብሎ ፍሬ መሆን፣ ቀስ ብሎ መነሣት፣ ተክል መሆን።» ይህም የእሷ ነው፤ መኝታ ቤቷ ውስጥ ራሷ ቁጢጥ ብላ ሞክራዋለች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ላይ ተመልሶ ሰኞ ላይ አረፈ። «ሰኞ፦ በየጠረጴዛው ላይ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሽንብራ፣ አተርና በቆሎ ቀላቅሎ ማቅረብ። ልጆቹ በጣታቸው እየለዩ ያስቀምጣሉ።»

ክብሪት ባለችበት ደርቃ ቀረች። ይህ የመጀመሪያው ረቂቅ ነው። ሬዲዮ «ልየው» ብላ በስልኳ ያነሳችው።

የመጀመሪያውን ረቂቅ ከሁለት ሳምንት በፊት የሞከረችው በሦስት ዓመቱ ወንድሟ በማሙሽ ላይ ነበር። ኩሽናው ወለል ላይ አስቀምጣው፣ ሳህኑን ፊቱ አድርጋ፣ ኩባያ ልታመጣ ዞር አለች። ስትመለስ ማሙሽ አንድ ሽንብራ አፍንጫው ውስጥ ከቶ በኩራት ያያታል። ልታወጣለት ስትሞክር ጭራሽ ወደ ውስጥ ገባ። እናቷ ከልብስ ስፌቷ ተነሥታ የመርፌ ትራሷን እንኳ ከክንዷ ላይ ሳታወልቅ ልጁን አቅፋ ስትሮጥ፣ «አንቺ ልጅ፣ ወንድምሽን ልትገይልኝ ነው?» ያለችው እስከ ዛሬ ጆሮዋ ላይ አለ።

ክሊኒክ ውስጥ ሐኪሙ ሽንብራውን በቀጭን መቆንጠጫ አውጥቶ መዳፉ ላይ አሳያቸው። «ይሄ ዕድለኛ ነው» አለ። «ወደ ሳንባው ቢገባ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው።» ከዚያ ወደ ክብሪት ዞሮ፣ «ሶፍት ሲያልቅ የምትቀረውን ክብ ካርቶን ታውቂያታለሽ? በእሷ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ለዚህ ዕድሜ ልጅ አይሰጥም። በቃ፣ ሌላ ሕግ አያስፈልግሽም» አላት።

ከዚያ ወዲህ የሰኞውን ተግባር እንዳለ ቀየረችው። ፍሬዎቹን በየዓይነቱ በባዶ የውሃ ጠርሙሶች ውስጥ ከተተች፣ ክዳኖቹን በጠንካራ ሙጫ አጣበቀች። ልጆቹ ያንቀጫቅጩታል፣ ድምፁን ይሰማሉ፣ ትልቁን ከትንሹ፣ ቢጫውን ከአረንጓዴው ይለያሉ፤ የሚለዩት ግን ጠርሙሱን ነው። አሥራ ሁለት ጠርሙስ ሠራች። ሬዲዮ እንድታግዛት ስትጠራት ራሷን አሟት ነበር። «ሰኞን ቀይሬዋለሁ» ስትላትም «እሺ እሺ፣ ታሳዪኛለሽ» ብላ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረች።

ሬዲዮን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ደረሰችባት።

«ስሜስ?» አለቻት። ሌላ ብዙ ነገር ልትል ነበር፤ የወጣላት ግን ይሄ ብቻ ነው።

ሬዲዮ ፊቷ ትንሽ ቀላ፤ ወዲያው ግን ተመለሰላት። «አየሽው እንዴ? ልነግርሽ ነበርኮ። ዳይሬክተሯ መንገድ ላይ አግኝታኝ 'ዕቅዱ የታለ?' አለችኝ። ስልኬ ላይ ያለውን ገልብጬ ሰጠኋት። 'የማን ሐሳብ ነው፣ የአንቺ ነው?' ስትለኝ... በቃ፣ ዝም አልኩ።»

«አንቺ ዝም አልሽ?»

«አታካብጂ ባክሽ። ወላጆች ፊት የማቀርበው እኔ አይደለሁ? አንቺ ሰው ፊት ትንፍሽ አትይም። የክረምቱን ነገር እኔ ካገኘሁት ደግሞ አንቺን ላስገባሽ እችላለሁ። ሁሌም እንደዛ አይደል የምንሠራው? አንቺ ታስቢያለሽ፣ እኔ አወራለሁ።»

የክብሪት ጆሮ ጋለ። ስለ ሽንብራው ልትነግራት አፏ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «የለጠፍሽው የድሮው ነው፣ አደገኛ ነው» ማለት ብቻ። ጥርሷን ነክሳ ዋጠችው። የት አባቷ፣ ታቅርበው። ዳይሬክተሯም ብትሆን ከርዕሱ አልፋ አላነበበችም። ሁለቱም የሥራቸውን ያግኙ። ዞር ብላ ሄደች።

ቅዳሜን ሙሉ አንጀቷ ቅቤ እየጠጣ ዋለች። ሬዲዮ ወላጆች ፊት ቆማ ስትንተባተብ፣ ሽንብራ ወለሉ ላይ ሲንኳለል፣ ዳይሬክተሯ ፊቷን ስታጠቁር በሐሳቧ ደጋግማ አየችው። ባየችው ቁጥር የሆነ ነገር ትጨምርበታለች። በመጨረሻ አንዲት ወላጅ ተነሥታ «ለመሆኑ ይህን ዕቅድ ያወጣው ማነው?» ብላ እንድትጠይቅ አደረገች።

እሑድ ማሙሽ አንዱን ጠርሙስ ከአልጋ ሥር ጎትቶ አወጣ። አንቀጫቀጨው። ክዳኑን በእጁ ጠመዘዘ፣ አልሆነለትም። በጥርሱ ያዘው፣ አሁንም እምቢ አለው። ከዚያ እህቱን በቁጣ እያየ፣ «ክፈቺ» አላት።

«አይከፈትም።»

«ለምን?»

ክብሪት መልስ ልትሰጠው ስትል የነርሰሪዋ ጉንጬ ትዝ አለቻት። ያገኘችውን ሁሉ፣ ቁልፍም ይሁን ጠመኔ፣ ጉንጯ ውስጥ ወሽቃ አፏን ገጥማ የምትቀመጠው ትንሽ ልጅ። «ምን ያዝሽ?» ሲሏት በአፍንጫዋ «ምንም» የምትለው። ሰኞ ጉንጬ ፊት አንድ ሳህን ሙሉ ሽንብራ ይቀርባል። በሐሳቧ ባየችው የቅዳሜ ትርኢት ውስጥ ሕፃናቱን አንዴም ጨምራቸው እንደማታውቅ ያን ጊዜ ገባት።

ከሁሉ በላይ ያናደዳት ደግሞ ይሄ ነው። ሬዲዮ ሰርቃት፣ ዞሮ ዞሮ ሬዲዮን ከውርደት የምታድናት እሷ ልትሆን ነው። ትራሷን ግድግዳው ላይ ወረወረችው። ማሙሽ ጨዋታ መስሎት አንሥቶ መለሰላት።

ሰኞ ከሰዓት ሁለት ትልልቅ ፌስታል ተሸክማ ነርሰሪ ክፍል ደረሰች። ሕፃናቱ ግድግዳውን ተጠግተው ፍራሻቸው ላይ ተኝተዋል። ሞግዚቷ ሌባ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ «አንዱን ካነቃችሁ ራሳችሁ ታስተኙታላችሁ» አለች በሹክሹክታ። በሌላው ጥግ ሬዲዮ ሳህኖቹን በየጠረጴዛው አስቀምጣ ጨርሳለች። ጸጉሯን ተሠርታለች።

ክብሪት የመጀመሪያውን ሳህን አንሥታ ፌስታሉ ውስጥ ገለበጠችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ሬዲዮ በሹክሹክታ።

ሁለተኛውን ገለበጠች።

«ክብሪት፣ አብደሻል? ወላጆች በር ላይ ናቸው! ልታዋርጂኝ ነው?»

ክብሪት ከኪሷ የሶፍቷን ካርቶን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አቆመቻት። አንድ ሽንብራ ከላይ ለቀቀችባት። ሽንብራው የካርቶኗን ጎን እንኳ ሳይነካ አልፎ ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

«በዚህች ያለፈ ነገር በልጅ ጉሮሮም ያልፋል» አለች። «ሐኪም ነው የነገረኝ። ማሙሽ አፍንጫው ውስጥ ከቶት ክሊኒክ ወስደነዋል፤ ያንን ደግሞ ያደረገው አንቺ ግድግዳው ላይ በለጠፍሽው ዕቅድ ነው። ቀይሬዋለሁ ስልሽ አልሰማሽኝም። አርብ ዕለት ልነግርሽ ስችል ዝም ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ እንድትዋረጂ ፈልጌ። ጉንጬን ረስቼ። ያ የእኔ ጥፋት ነው። የሰረቅሽኝ ግን የአንቺ ነው፣ እሱን አልሸከምልሽም። ጓደኛዬ ነሽ ብዬ ያሳየሁሽን ወስደሽ ስሜን ጣልሽው። 'ላስገባሽ እችላለሁ' አልሽኝ። በራሴ ሥራ ማን ነሽ እኔን የምታስገቢኝ?»

መጮህ ስለማይቻል ይሁን እንጃ፣ ምላሷ አልተሳሰረም። ሁሉም ነገር በተራው፣ በዝቅተኛ ድምፅ ወጣ። ሬዲዮ ወደ ካርቶኗ አየች፣ ከዚያ ፍራሾቹን አየች።

«አላወቅኩም» አለች በመጨረሻ።

«አልጠየቅሽም።»

ክብሪት ጠርሙሶቹን በየጠረጴዛው ሦስት ሦስት አድርጋ ደረደረች። ሬዲዮ የቀሩትን ሳህኖች ሰበሰበች፤ አንድ ሽንብራ ከእግሯ ሥር ወደቀ። ሁለቱም ተንበርክከው ወለሉን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ፈለጉት፤ አንድም ፍሬ መቅረት የለበትም። ያገኘችው ሬዲዮ ናት። ክብሪት አላመሰገነቻትም።

ከዚያ እስክሪብቶ ይዛ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው ወጣች። የሰኞን መስመር ሰረዘች። ከጎኑ «ፍሬዎቹ ክዳኑ በሙጫ በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ» ብላ ጻፈች። «አዘጋጅ» ከሚለው ፊት ለፊት፣ ከሬዲዮ ስም በላይ ባለችው ጠባብ ቦታ፣ የራሷን ስም ከነአባቷ አስገባች። የሬዲዮ ስም ላይ ስትደርስ እስክሪብቶው አየር ላይ ቆመ።

ሬዲዮ ከኋላዋ ነበረች። «ልትሰርዢኝ ነው?»

«የጻፍሽው አንቺ ነሽ። እኔ አልነካውም።» እስክሪብቶውን አቀበለቻትና ገባች። ተመልሳ አላየችም። ከአሁን በኋላ ጓደኛሞች ይሁኑ አይሁኑ አላወቀችም፤ ለጊዜው የምታውቀው አሁንም እንደተናደደች ነው።

ሕፃናቱ አንድ በአንድ ነቅተው ዓይናቸውን እያሹ ትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። ወላጆች ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ዳይሬክተሯ በዓይኗ ሬዲዮን ፈለገች፤ ሬዲዮ በሩ አጠገብ፣ እስክሪብቶውን ጨብጣ፣ አንገቷን አቀርቅራ ቆማለች።

«እሺ፣ ማነው የሚጀምረው?» አለች ዳይሬክተሯ። «ጠርሙስ ደግሞ ከየት መጣ? ዕቅዱ ላይ ያየሁት አልመሰለኝም።»

የክብሪት ጆሮ መጋል ጀመረ። ፊት ለፊቷ ጉንጬ አንዱን ጠርሙስ አንሥታ አንቀጫቀጨች፣ አገላብጣ አየችው፣ ክዳኑን አፏ ውስጥ ከታ በሙሉ ኃይሏ ነከሰችው። ሳበችው፣ አጣመመችው፣ ፊቷ እስኪቀላ ታገለችው። ክዳኑ ንቅንቅ አላለም።

ክብሪት ያንን አይታ ከጉልበት በማትበልጠው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ልክ ሕፃናቱ ተኝተው ሳለ ባወራችበት ድምፅ፣ «ዕቅዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ የምጀምረው።»