ሲያዩት የማይወድቅ

ጢጥ።

የጫጩት ድምፅ የምታክል ናት። ሮዳስ ግን ከሪሴፕሽኑ ጀርባ ተቀምጣ የፊዚክስ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ያቺን ድምፅ ሰማችና እርሳሷን አስቀመጠች። ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለች። ከደረጃው ሥር ካለችው ጠባብ ክፍል ወድቆ እንደገና የተነሣው ኮምፒውተር ማራገቢያ አጉረመረመ። ከዚያ ፎቅ ላይ አንድ በር ተከፈተ፤ ወዲያው ሌላ በር።

«ማዳም! ኔት ማፊ!» ብለው ጮኹ አንድ እንግዳ። በጁባ ዓረብኛ ኔትወርኩ የለም ማለታቸው ነው።

«መጣ፣ መጣ! ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም!» አለች እናቷ ማንያህልሻል ከወጥ ቤት እየወጣች። ለእንግዳው ፈገግ ብላ ወደ ሮዳስ ስትዞር ፈገግታው የለም። «ሉቃስ የታለ?»

«አሁን ወጣ።»

«አሁን?»

«ገና ከግቢው በር አልራቀም።»

«አየሽ?» አለች እናቷ።

ሉቃስ የሆቴሉ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነው። ከሮዳስ የሚበልጠው በጥቂት ዓመት ነው፤ ጓሮ ካለው የውኃ ታንከር አጠገብ ባለች ክፍል ያድራል። ሰው ሲያዋራው ወደ መሬት ያያል፣ ከኮምፒውተር ጋር ግን ብቻውን ያወራል። የእንግዶቹ ኢንተርኔት ሁሉ የሚያልፈው እሱ ከገጣጠመው፣ ከደረጃው ሥር ካለው ኮምፒውተር ነው። የድሮው ኮምፒውተር ስላረጀ በእሱ ምክር አዲስ ተገዛ፤ የኔትወርክ ካርዱን ግን ከድሮው ነቅሎ አዲሱ ላይ ሰካው። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለም። እነሱ ባሉበት የጁባ ሰፈር፣ ኒምራ ታላታ፣ ሆቴል ሞልቷል፤ ሪፖርት የሚልኩ እንግዶች ኔትወርክ ሲያጡ ሻንጣቸውን ይዘው አስፋልቱን መሻገር ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው።

የሚገርመው ደግሞ ሉቃስ ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ አንድም ቀን አይወድቅም። እሱ ሲነሣ ግን ብዙ ሳይቆይ፣ ጢጥ።

«ዛር አለበት እንዴ?» ይላል አስተናጋጁ ደበበ። «ባለቤቱ ሲርቀው የሚወድቅ!»

ማንያህልሻል ግን አትስቅም። «ዛር እጅ የለውም» አለች አንድ ቀን፣ ሮዳስን ወደ ጥግ ስባ። «ማዶ ካለው ሆቴል ሻይ ሲጠጣ ታይቷል። ስልኩንም ጓሮ ሄዶ ነው የሚያወራው። የቤት ሥራሽን እዚያ ክፍል ውስጥ ሥሪ። ዓይንሽን ከእጁ ላይ እንዳታነሺ።»

ሮዳስ ሉቃስን ትወደው ነበር። ሒሳብ ያስረዳታል፤ ያልገባትን «አልገባኝም» ብትለው አይገረምም። ቢሆንም ከዚያ ቀን በኋላ ሁሉ ነገሩ ሌላ ሌላ መሰላት። ስትገባ ለምን ይደነግጣል? ለምን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል? ስክሪኑ ላይ ሎግ የሚሉት አረንጓዴ ጽሑፍ ያለማቋረጥ ይወርዳል፤ ድራይቨሩ፣ ማለትም ካርዱን የሚያዘው ፕሮግራም፣ እያንዳንዷን እርምጃውን የሚጽፍበት ነው። ሉቃስ አፍጥጦ ያየዋል፤ የሚያገኘው የለም። ሊወጣ ሲል አንዲት አጭር መስመር ይጽፋል። አረንጓዴው ጽሑፍ ቀጥ ይላል። ይወጣል። ጢጥ።

«ምንድን ነው የጻፍከው?»

«ሎጉን እያጠፋሁ ነው። ትቼው ከሄድኩ ዲስኩን ይሞላዋል።»

መልሱ ፈጠነባት። ያቺን መስመር በዓይኗ ሰርቃ ያዘቻት፤ ማታ ለእናቷ ነገረቻት።

በማግስቱ እናቷ በሩ ላይ ቆመች። ሉቃስ እንደ ወትሮው ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል።

«ተነሥ። ከመውጣትህ በፊት የምትጽፈውን ነገር ደርሰንበታል።»

«እትዬ፣ እሱ እኮ ሎግ…»

«ለማዶዎቹ ነው የምትሠራው?»

«እኔ? እኔ ራሴ ምክንያቱን እየፈለግኩት ነው።»

«ኸላስ፣ በቃ! ሌላ ማደሪያ ስታገኝ ዕቃህን ትወስዳለህ። እዚህ ክፍል ግን ሁለተኛ እንዳትገባ።»

ሉቃስ ሮዳስን አያት። ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት መሬት አላየም። ከዚያ ተነሥቶ ማንጋቴን ሰፈር ወዳሉት ዘመዶቹ ሄደ።

ኔትወርኩም መውደቁን ተወ።

አንድ ቀን አለፈ፣ ሌላም አለፈ። ፎቅ ያሉት እንግዳ ከልጆቻቸው ጋር በቪዲዮ ሲሳሳቁ ያመሻሉ። «ዛሩ ከነባለቤቱ ሄደልን!» አለ ደበበ። ማንያህልሻል እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ያገኘቻቸውን ሆቴል ያላቸውን ሐበሾች ሁሉ አስጠነቀቀች፤ ሉቃስ የሚባል ልጅ ሥራ ፍለጋ ቢመጣ እንዳይቀበሉት። ጁባ ውስጥ እነሱ ካልቀጠሩት ማን እንደሚቀጥረው ሮዳስ አሰበች፤ ከዚያ በላይ ለማሰብ ግን አልፈለገችም።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እግሯ ወደ ደረጃው ሥር ወሰዳት። ስክሪኑን አበራችው።

አረንጓዴው ጽሑፍ አሁንም እየወረደ ነው።

ለነገሩ ማን ያጠፋዋል? ሉቃስን ከወንበሩ ላይ ነው ያስነሡት። ሮዳስ ቆማ አየችው። ከዚያ ተቀመጠችና የሰረቀቻትን መስመር ጻፈች። ጽሑፉ ቀጥ አለ። ከፎቅ የእንግዳው ሳቅ ይሰማል።

ጢጥ።

ሳቁ ተቋረጠ። ሮዳስ እጇን ከኪቦርዱ ላይ እሳት እንደነካው ሰው አነሣች። ኮምፒውተሩ ሲነሣ፣ ሉቃስ ሲያደርግ እንዳየችው ሎጉን አበራችው። ብዙ ጠበቀች፤ አልወደቀም። አጠፋችው። ወደቀ። ሉቃስ በዚህ ሰዓት ማንጋቴን ነው።

ዝም ብትልስ? ሎጉ እንደበራ ቢቀር፣ ዲስኩ ሲሞላ ብታጸዳው? ማንም አያውቅም። እናቷም ደስ እንዳላት ትኖራለች። ሮዳስ ይህን ለጥቂት ጊዜ በሐሳቧ አገላበጠችው፤ ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ የእናቷን እጅ ያዘች።

«እማዬ፣ ነይ። እዚህ ተቀመጪ።» ሎጉን አብርታ ያቺኑ መስመር ጻፈች። «ይቺን ተጫኛት።»

«ምን ላድርግ ብዬ ነው የምጫነው?»

«ተጫኛት ብቻ።»

ማንያህልሻል ሽንኩርት የነካ ጣቷን በሽርጧ ጠርጋ ተጫነች። ትንሽ ቆይቶ፣ ጢጥ። ከፎቅ «ማዳም!» የሚል ድምፅ መጣ።

እናቷ ጣቷን አየች፤ ቀጥሎ ሮዳስን አየች፤ ከጣቷ ይልቅ ልጇን የተጠራጠረች ትመስላለች። «እሱ ነው ያስተማረሽ?»

«ማንም አላስተማረኝም። ሉቃስ እንዳልሆነ ነው የማሳይሽ።»

እናቷ ከወንበሩ ተነሣች። «ደውዪለት በይ» አለች በመጨረሻ። «ግን እኔ አልኩ እንዳትዪው።»

ሉቃስ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር መጣ። ጫማውና ሱሪው አቧራ ለብሷል። ሮዳስ ወንበሩን ለቀቀችለትና ሌላ ወሬ ሳታስቀድም «ሎጉ ሲበራ አይወድቅም፤ ሲጠፋ ነው የሚወድቀው» አለችው።

«ሎጉ ሲበራ…» ሉቃስ አፉን ከፈተ። ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። «እኔ ደደብ! ያዘገየዋላ!»

«ምኑን?»

«አዲሱ ኮምፒውተር ባለ አራት ኮር ነው። አራት ሠራተኛ አለው በይ። የድሮው አንድ ሠራተኛ ብቻ ነበረው፤ ድራይቨሩም ያኔ ለአንድ ነው የተጻፈው። አሁን ከአራቱ ሁለቱ አንድ የመረጃ ወረፋ ላይ እኩል ይደርሳሉ። አንዱ የሚያነሣውን ሌላው ይጥለዋል፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ይፈርሳል። ሎጉ ሲበራ ግን እያንዳንዱ ቆሞ መጻፍ ስላለበት አይገናኙም። እኔ ደግሞ ሎግ ሳላበራ አይቼው አላውቅም።»

ሮዳስ በበሩ ክፍተት ወደ ሪሴፕሽኑ ግድግዳ አየች። እዚያ ምስማር አለ፤ የስቶሩ ቁልፍ ይንጠለጠልበታል። የቤቱ ሕግ ነው፤ ወደ ስቶር የሚገባ ቁልፉን ይዞ ይገባል፣ ሲወጣ ይመልሳል። ምስማሩ ባዶ ከሆነ ያልያዘው ሰው ቆሞ ይጠብቃል፤ ማንያህልሻል ራሷም ብትሆን። ደበበማ ባዶውን ምስማር እያየ ሲቆም ነው የሚውለው።

«ሠራተኞቹ ምስማር የላቸውም ማለት ነው» አለች።

ሉቃስ ዞሮ አያትና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «አዎ። የላቸውም።»

ወረፋው ከሚነካበት ቦታ ሁሉ በፊት «ቁልፍ ያዝ»፣ ከኋላው ደግሞ «ቁልፍ መልስ» የሚል ትእዛዝ ጨመረ። ሎጉን አጥፍተው ሞከሩት። አሁን ጢጥም አላለም፤ ኮምፒውተሩ ድርቅ ብሎ ቀረ። ሉቃስ ኮዱን ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየተከተለ አነበበ።

«እዚህ ጋ! አንዱ ሠራተኛ ስህተት ሲያገኝ በጓሮ በር ይወጣል። ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ነው የሚወጣው።»

«ሌሎቹስ?»

«ባዶ ምስማር ላይ አፍጥጠው ቆመዋላ።»

«እንደ ደበበ!» አለች ሮዳስ፤ ሁለቱም ሳቁ። የጓሮውንም በር አስተካከለው።

አመሻሹ ላይ እንግዶቹ ሁሉ ገቡ፤ ኔትወርኩ የሚጨናነቅበት ሰዓት ነው። ሎጉ ጠፍቷል፣ ስክሪኑ ጸጥ ብሏል። ሁለቱ ጆሯቸውን አቁመው ተቀመጡ። ምንም አልተሰማም። ከፎቅ የልጆች ድምፅና ሳቅ ብቻ ይመጣል።

ያኔ ነው ከበሩ ውጭ የእናቷ ሹክሹክታ የተሰማው። «ራሱ አስሮት ራሱ ቢፈታውስ፣ ደበበ? ማን ያውቃል?»

«እሱስ ልክ ነሽ፣ እትዬ።»

ሮዳስ ወደ ሉቃስ ለመዞር ፈራች። የሉቃስ ጣቶች ኪቦርዱ ላይ እንዳሉ ቆመዋል።

ማንያህልሻል ፈገግ ብላ ገባች። «በል ሉቃስዬ፣ ክፍልህ እንዳለ ነው። ሥራህም እንዳለ ነው። እጅህን ታጠብና ራት ብላ።» ከዚያ ወደ ሮዳስ ጆሮ ጎንበስ አለች። «አንቺ እዚሁ ሁኚ። ዓይንሽን…»

ሮዳስ ሳታስጨርሳት ደብተሯንና እርሳሷን ሰበሰበች። በእናቷ አጠገብ አልፋ ወጣችና ሪሴፕሽኑ ጋ ሄደች፤ ጀርባዋን ለደረጃው ሥር ክፍል ሰጥታ ተቀመጠች። እናቷ ጠራቻት፤ አልዞረችም።

ሉቃስ ወደ ጓሮ ሄደ። ሲመለስ ትከሻው ላይ ሻንጣውን፣ በብብቱ የተጠቀለለ ብርድ ልብሱን ይዟል። ሪሴፕሽኑ ጋ ቆመና የክፍሉን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ምስማሩ ላይ፣ ከስቶሩ ቁልፍ አጠገብ ሰቀለው።

«ሉቃስ?»

አንገቱን ዝቅ አደረገላት፤ ሰላምታ ይሁን ሌላ ነገር አላወቀችም። በግቢው በር ወጣ።

ማንያህልሻል ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ወደ ደረጃው ሥር ጆሮዋን አዘንብላለች። ሮዳስም አዳመጠች። የሉቃስ ኮቴ እየራቀ ሄደ፣ ቦዳ ተነሣ፣ የቦዳውም ድምፅ ጠፋ።

ከደረጃው ሥር ምንም አልተሰማም።