የሰባተኛው ጋን ዘፈን

ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የቱሪስቶቹ አውቶቡስ ቁልቁለቱን እያቃሰተ ሲወርድ ፋንታነሽ ብዙውን ጊዜ ጋን ውስጥ ነች። ሥራዋ ይኸው ነው። በዚህች የቆጵሮስ መንደር የወይን ጠጅ የሚጠመቀው እስከ ወገቡ መሬት ውስጥ በተቀበረ፣ ሙሉ ሰው በሚውጥ የሸክላ ጋን ሲሆን፣ ጋኑ ባዶ ሲቀር ቀጭንና አጭር ሴት በገመድ ታስራ ትገባና አተላውን በብሩሽ ትፈገፍጋለች። የአሮጌ ወይን ትንፋሽ ደግሞ ሰው ይጥላል። ስለዚህ የገባችው ሴት ሳታቋርጥ መዝፈን አለባት፤ ዘፈኑ እስከተሰማ ድረስ ገመዱን የያዘው ሰው ዝም ብሎ ይቆማል፣ ዘፈኑ ሲቋረጥ ጎትቶ ያወጣታል። የወይን ቤቱ ባለቤት ማዳም ዴስፒና ይህን ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ወግ ለእንግዶቿ ስታስረዳ እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች።

ፋንታነሽ ያንን እጅ ባየች ቁጥር ደሟ ይፈላል።

ታላቅ እህቷ ዝማም እዚሁ ቤት፣ በዚሁ ገመድ፣ ሁለት ዓመት ሠርታለች። አምና በመከር በዓል ዋዜማ በስልክ የድምፅ መልእክት ላከች፤ «ነገ ትልቁ ጋን ውስጥ ሊያስገቡኝ ነው፣ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚከፈተው። ስወጣ እደውልልሻለሁ እሺ?» አልደወለችም። ማዳም ዝማምን ለላከው የሥራ ወኪል የሰጠችው መልስ አጭር ነበር፤ ከወንድ ጋር ጠፍታለች። ሐበሻ ሴት ስትጠፋ መቼም ከወንድ ጋር ነው፣ ሌላ ምክንያት ለማሰብ ማን ይደክማል! ያቺ ለእናቷ ሳትናገር ጎረቤት እንኳ የማትገባ ልጅ! ፋንታነሽ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ፣ እህትነቷን ደብቃ፣ በዚያው ወኪል በኩል መጣች። ማዳም ፓስፖርቷን ሳትገልጠው መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው፤ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ አየቻትና «ለጋኑ ልክ ናት» አለች።

ምድር ቤቱ ውስጥ ጋኖቹ ሰባት ናቸው። ሰባተኛው፣ «እናት» የሚሉት፣ መብራቱ በማይደርስበት ጥግ ክዳኑ በጭቃ ተመርጎ ተቀምጧል፤ በየዓመቱ በበዓሉ ቀን ይከፈትና አንዲት ሴት ገብታ የምትጨልፈው አተላ ለሌሎቹ ስድስት እርሾ ይሆናል። የመጀመሪያውን ሳምንት ፋንታነሽ ከዚያ ጥግ ትንኝ የምትጮህ መስሏት ነበር። ቱሪስቶቹ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ተራ በተራ ተንበርክከው ጆሯቸውን ሸክላው ላይ ይለጥፋሉ፤ ማዳም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የአያቶቻችን የወይን ዘፈን ነው፣ ወይኑ አልረሳውም» ስትላቸው እንባ የሚያወጡም አሉ።

አንድ ቀን እንግዶቹ ለምሳ ሲወጡ ፋንታነሽም ጆሮዋን አስጠጋች። ሸክላው ይቀዘቅዛል፤ በስንጥቁ በኩል ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚል፣ ከሥሩ ግን የረጠበ ፀጉር የሚሸት አየር ይወጣል፤ ከሩቅ፣ ከታች፣ ከጨለማው ሆድ ውስጥ ደግሞ ሴት ትዘፍናለች።

«ፒያሳ... ሆጤ... ቧንቧ ውሃ... ሰኞ ገበያ... ሸዋ በር...»

የአያቶቻቸው ዘፈን! የደሴ ታክሲ ነው እንጂ! አባታቸው ሹፌር ነበር፤ ሁለቱ እህትማማቾች ዕቃ ሲያጥቡ ፌርማታዎቹን እየተቀባበሉ በዜማ ይጠሩና መጨረሻ ላይ አብረው «ወራጅ አለ!» ብለው በሳቅ ይፈርሱ ነበር። ሆጤ ላይ እንዲህ የሚጎትት ሌላ ሰው የለም፣ ድምፁ የዝማም ነው። ግን ከሸዋ በር ተመልሶ ፒያሳ ይገባል፣ ይዞራል፣ እንደገና ይዞራል። «ወራጅ አለ» የሚለው አይመጣም።

ገመድ ያዡ ስታቭሮስ ነው፣ የማዳም ወንድም፣ ዝምተኛ ሽማግሌ። ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«ማን ነው እዚያ ውስጥ የሚዘፍነው?»

«ወይኑ ነው» አለ። ገመዱን ሲጠቀልል ቆየና ዓይኗን ሳያይ ጨመረ፤ «እስከ አምና በዓል ድረስ በሌላ ቋንቋ ነበር የሚዘፍነው። በስሪላንካዋ ልጅ ቋንቋ።»

«እሷስ የት ሄደች?»

«ጠፋች።»

በዚያው ገመድ ልታንቀው ቃጣት። እግሬ አውጪኝ ማለትም ትችል ነበር፤ ግን እህቷን ለማን ትታ? በበዓሉ ቀን ስድሳ እንግዳ፣ ስድሳ ካሜራ ይኖራል። ትገባለች፣ የምታገኘውን ታገኛለች፣ ከዚያ አፏን ትዘጋለች፤ ወጉ ራሱ ጎትቶ ያወጣታል። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ጉንፋን ያዛትና ድምፅዋ ጎረነነ። ፋንታነሽ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ማዳም ማር በሙቅ ውሃ በጥብጣ አመጣችላት። «ድምፅሽን ጠብቂው» አለቻት።

በበዓሉ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ የክዳኑ ጭቃ ተሰብሮ ሲነሳ የጋኑ ዘፈን ቀጥ አለ። ስታቭሮስ ወገቧን አሰረ፣ ቋጠሮውን ሁለቴ አጠበቀ፣ ቀና ብሎ ግን አላያትም። እየወረደች ዘፈነች። ሆን ብላ የታክሲውን ዘፈነች፣ ዝማም ከሰማች ትስማ ብላ፤ እንባዋ በንዴት እየወረደ ዘፈነች። ከበላይዋ ያለው ብርሃን እያነሰ እያነሰ ሰሃን አከለ፣ የእንግዶቹ ጫጫታ ደነዘዘ፣ ቁርጭምጭሚቷን የዋጣት አተላ ደግሞ እንደሌሎቹ ጋኖች ቀዝቃዛ ሳይሆን ለብ ያለ ነበር። ግድግዳውን ስትዳስስ መዳፏ ጭረት አገኘ። የጥፍር ጭረት ነው፣ ዙሪያውን፣ በእሷው ቁመት ልክ፣ ከዚያ በላይ ንጹሕ ሸክላ። ጎንበስ ብላ አተላውን ስትበረብር ጣቶቿ ውስጥ የፀጉር ላስቲክ ገባ፤ ሦስት ዶቃ ያለው፣ ዝማም ከቤት ስትወጣ እሷ ራሷ የሰጠቻት፣ ሹሩባው ገና እንደታሰረበት።

አልጮኸችም። እንዲህ ተናድዳ አታውቅም። ይህን ላስቲክ ይዛ ትወጣለች፣ ስድሳ ካሜራ ፊት ያ ደረት ላይ የሚያርፍ እጅ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። የቀራት ዝም ማለት ብቻ ነው። «ሰኞ ገበያ» ላይ ስትደርስ አፏን ዘጋች።

ጋኑ ጸጥ አለ። ከላይ አንድ ሰው «ኧረ!» አለ፤ ገመዱ ተወጥሮ ተረከዟን ከአተላው ነቀለ።

ጥርሷን ነክሳ፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ እንደጫነች፣ ያ በጉንፋን የጎረነነ የራሷ ድምፅ ከጎኗ «ሸዋ በር» ብሎ ሲቀጥል ሰማች፤ ገመዱም ረገበ።